ቆዳ የማይሰማው ጨረር
የፀሐይን አልትራቫዮሌት በቢቸናና በሞጣ ደጋ ላይ መለካት ስለምን አስፈለገ? እንዴትስ ይለካል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ዓባይ በረሃ ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ከወጣና ወደ ቢቸና ከታጠፈ በኋላ ግን ቀዝቃዛው ነፋስ ይቀበለዋል፤ ያወለቀውንም መልሶ ይደርባል። ይህን መንገደኛ «ፀሐይዋ የበረታችው የት ላይ ነበር?» ብለን ብንጠይቀው «በረሃው ውስጥ ነዋ!» እንደሚለን አያጠራጥርም። ጥያቄው ስለ ሙቀት ከሆነ መልሱ ትክክል ነው። ስለ ቆዳ ጉዳት ከሆነ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከሸለቆው ሥር ይልቅ በነፋሻው ደጋ ላይ ይበረታል።

ይህ ስሕተት የመንገደኛው ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ነው። ቆዳችን ሙቀትንና ቅዝቃዜን የሚለይ ስሜት ቢኖረውም አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያውቅበት ስሜት የለውም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ሲቀላና ሲያቃጥል፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የማይድን ቁስል ሆኖ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ስሜታችን የማይነግረንን በመሣሪያ ማወቅ ግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ልኬቱ ምን ምን እንደሚያሳስተው፣ እንዲሁም እንደ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ደጋማ ከተሞች መለካቱ ለማን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

ሁለት የማይታዩ ጨረሮች

እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ባሻገር፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፣ ቴርሞሜትሩ ይበልጥ ሲሞቅ አገኘው። ይህ ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር ነው። በዓመቱ በ1801 ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሄደ። እርሱ የተጠቀመው በቴርሞሜትር ሳይሆን ብርሃን ሲነካው በሚጠቁር ሲልቨር ክሎራይድ በተባለ ጨው ነበር። ጨው የተቀባው ወረቀት ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር ባለው ጨለማ ውስጥ ከሁሉም ፈጥኖ ጠቆረ። አልትራቫዮሌት የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለቱ ግኝቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። ኢንፍራሬድ ራሱን በቴርሞሜትር ገለጠ፤ አልትራቫዮሌት ግን በኬሚካላዊ ለውጥ እንጂ በሙቀት አልተገለጠም። ምክንያቱ የፎቶኖቹ ኢነርጂ ነው። የአንድ ፎቶን ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት የሚገኘው 1240 የሚለውን ቁጥር በናኖሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት በማካፈል ነው። የ1000 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ፎቶን 1.24 ኤሌክትሮን ቮልት ሲኖረው የ300 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ፎቶን 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት አለው። የመጀመሪያው ሞለኪውሎችን ያንቀጠቅጣል፤ ይህም ሙቀት ነው። ሁለተኛው በሕዋሳት ውስጥ የሚገኘውን ዲኤንኤ በቀጥታ ሊጎዳ ይችላል።

አልትራቫዮሌት ራሱ በሦስት ይከፈላል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ዩቪ ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ዩቪ ቢ፣ ከ280 በታች ያለው ደግሞ ዩቪ ሲ ይባላል። ዩቪ ሲን ከባቢ አየር ጨርሶ ያስቀረዋል። የዩቪ ቢን አብዛኛውን ክፍል ኦዞን ይመጥጠዋል። ዩቪ ኤ ግን ብዙም ሳይቀነስ ምድር ይደርሳል።

ለምን ደጋው?

ቢቸና በ10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ፣ ሞጣ ደግሞ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜናዊ ኬክሮስ ላይ ይገኛሉ። የቢቸና ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,541 ሜትር፣ የሞጣ ደግሞ 2,487 ሜትር ያህል ነው። ከእነዚህ አራት ቁጥሮች ብቻ ብዙ ነገር መረዳት ይቻላል።

አንደኛው የፀሐይ ከፍታ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በሁለቱ ከተሞች አናት ላይ በቀጥታ ትቆማለች፤ በቢቸና ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 20 ገደማ፣ በሞጣ ደግሞ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 ገደማ። የነሐሴው ጊዜ ክረምት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በደመና ይሸፈናል። የሚያዝያው ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ባለበት ወቅት ላይ ይውላል። ፀሐይ እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ አጋማሽ እንኳ ቢቸና ላይ በእኩለ ቀን ከአድማስ በላይ 56 ዲግሪ ትቆማለች። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሚያቋርጠው አየርና ኦዞን ያነሰ ስለሆነ የሚቀነሰውም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከላይ ያለው አየር ሲሳሳ ጨረሩን የሚበትነውም የሚያስቀረውም ይቀንሳልና። ዓባይ ድልድይ ከቢቸና 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ መንገደኛችን ሙቀቱን ወደ ኋላ ትቶ ሲወጣ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ አልትራቫዮሌት ወዳለበት መግባቱ ነበር።

ሦስተኛው ኦዞን ነው። እዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ ያለ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም አለበት። «የኦዞን ሽንቁር» የሚባለው ክሥተት የአንታርክቲካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን ይፋ አደረጉት፤ በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ተቀላቀለች። በእኛ ሰማይ ላይ ሽንቁር የለም። ነገር ግን በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ኦዞን በተፈጥሮው ስስ ነው። ኦዞን በብዛት የሚፈጠረው ከምድር ወገብ በላይ ባለው ስትራቶስፌር ሲሆን የላይኛው አየር ዝውውር ግን ወደ ዋልታዎቹ ይወስደዋል። ከአናታችን በላይ ያለው ኦዞን ሁሉ ተሰብስቦ በባሕር ወለል ግፊት ቢነጠፍ ውፍረቱ 2.6 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። ይህም 260 ዶብሰን ይባላል። በመካከለኛ ኬክሮሶች ከ300 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

በአገራችን ኦዞንን ከምድር ሆኖ የመለካት ልምድ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ ካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፀሐይን ኢንፍራሬድ በሚተነትን ስፔክትሮሜትር በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ያለውን ኦዞን ሲለካ ቆይቷል፤ ውጤቱም ከሳተላይት መረጃ ጋር ተነጻጽሮ ታትሟል። የከተማችን ከፍታ ለቢቸናና ለሞጣ ቅርብ ስለሆነ ይህ ሥራ ለምንነጋገርበት ጉዳይ መሠረት ይሆናል።

የቆዳ ሚዛን

ሁሉም አልትራቫዮሌት ቆዳን እኩል አይጎዳም። ስለዚህ ዳሳሹ «ምን ያህል ጨረር ወረደ?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ቆዳ ይህን ጨረር እንዴት ይመዝነዋል?» የሚለውን መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1987 ማኪንሌይና ዲፊ የተባሉ ሳይንቲስቶች ቆዳን የሚያቀላ ጨረር በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን ጉልበት የሚያሳይ ከርቭ አቀረቡ፤ ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽንም ተቀበለው። በዚህ ሚዛን እስከ 298 ናኖሜትር ያለው ጨረር 1 ነጥብ ይሰጠዋል። 310 ላይ ነጥቡ ወደ 0.07 ይወርዳል፤ 328 ላይ ደግሞ ከ0.002 በታች ነው። ማለትም የሞገድ ርዝመቱ በ30 ናኖሜትር ሲጨምር የጨረሩ ጎጂነት በ660 እጥፍ ያህል ይቀንሳል።

በየሞገድ ርዝመቱ የወረደው ጨረር በዚህ ሚዛን ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘው ቁጥር ቆዳን የሚያቀላ ጨረራ ነው። 25 ሚሊዋት በካሬ ሜትር አንድ አሐድ ተብሎ ሲቆጠር ዩቪ ኢንዴክስ እናገኛለን። ይህን ቁጥር ለሕዝብ ማሳወቅ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ስትሆን በ2002 የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ለዓለም የሚያገለግል መመሪያ አወጡለት። እስከ 2 ያለው ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ 6 እና 7 ከፍተኛ፣ ከ8 እስከ 10 እጅግ ከፍተኛ፣ 11 እና ከዚያ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ብርቱ ደረጃ ነው።

ከመለካት በፊት ማስላት

መሣሪያ ከመትከላችን በፊት ምን መጠበቅ እንዳለብን ማስላት ተገቢ ነው። ሳሻ ማድሮኒች የተባለው የከባቢ አየር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበው አጭር ቀመር ለዚህ ይመቻል። በጥርት ሰማይ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚኖረው ዩቪ ኢንዴክስ 12.5 የሚለው ቁጥር ፀሐይ ከአናት ባላት ማዕዘን ኮሳይን 2.42ኛ ኃይል፣ እንዲሁም ለ300 በተካፈለው የኦዞን መጠን አሉታዊ 1.23ኛ ኃይል ሲባዛ ይገኛል።

በሚያዝያ 9 እኩለ ቀን በቢቸና የማዕዘኑ ኮሳይን 1 ነው። ኦዞኑን 260 ብናደርግ ኢንዴክሱ 15 ይደርሳል። የ2,500 ሜትር ከፍታ አንድ አራተኛ ያህል ሲጨምርበት 18 ያልፋል። አቧራና ጢስ ከዚህ ሊቀንሱ ስለሚችሉ ከ15 እስከ 18 ብለን ብንይዘው ከእውነቱ አንርቅም። ለታኅሣሥ አጋማሽ ኦዞኑን 250 አድርገን ስናሰላ ከፍታው ሳይታሰብ 10፣ ከፍታው ሲታሰብ 12 ያህል እናገኛለን። እንግዲህ ፀሐይዋ እጅግ «ደካማ» ናት በምንልበት፣ አዝመራ በሚሰበሰብበትና አውድማ በሚወቃበት ወቅት እንኳ የእኩለ ቀኑ ጨረር ወደ መጨረሻው ብርቱ ደረጃ ይደርሳል ማለት ነው።

ሰዓቱም ልብ ሊባል ይገባዋል። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን ቢቸና ግን 38 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት በሚያዝያ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኢንዴክሱ ከፍታ ታክሎበት 2 ያህል ነው፤ 3 ሰዓት ላይ 6፤ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ 11 ይሆናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት ግን ገና እየጨመረ ሲሆን ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። በሙቀት ጨረርን መገመት የማያዋጣው ስለዚህ ነው።

ዳሳሹ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ተወዳጅ የቆዳ ጨረር መለኪያ የሮበርትሰንና የበርገር ሜትር ነው። ሮበርትሰን በአውስትራሊያ ሠራው፤ በርገር በአሜሪካ አሻሻለውና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች ተተከለ። አሠራሩ ረቂቅ ነው። የፀሐይ ብርሃን በጥቁር መስታወት ሲያልፍ የሚታየው ብርሃን ይቀራል፤ ያለፈው አልትራቫዮሌት ማግኒዚየም ተንግስቴት የተባለውን ዱቄት ይመታል፤ ዱቄቱ አረንጓዴ ያበራል፤ አረንጓዴው በፎቶ ቱቦ ይለካል። ዱቄቱ ለአጭር ሞገድ ያለው ስሜት የቆዳን ሚዛን ስለሚቀራረብ መሣሪያው ራሱ በከፊል እንደ ቆዳ «ያስባል»።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ የሴሚኮንዳክተር ቁራጭ ነው። ፎቶዳዮድ ውስጥ የገባ ፎቶን ኤሌክትሮንን ከተቀመጠበት የኢነርጂ ደረጃ ወደ ላይኛው የሚያነሣው ኢነርጂው በመካከል ያለውን ክፍተት ከሞላ ብቻ ነው። የሲሊኮን ክፍተት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስለዚህ ሲሊኮን ከአልትራቫዮሌት አንሥቶ እስከ 1100 ናኖሜትር ያለውን ሁሉ ያያል። የሲሊኮን ካርባይድ ክፍተት ግን 3.26 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል በመሆኑ ከ380 ናኖሜትር በላይ ላለው ብርሃን ዕውር ነው። አሉሚኒየም ጋሊየም ናይትራይድ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ድርሻ በመጨመር የሚያየውን ወሰን ከ365 ናኖሜትር ወደ ታች እንደ ፈለጉ ለማውረድ ያስችላል።

ይህ ዕውርነት ጉድለት ሳይሆን ትልቅ ጸጋ ነው። በሚያዝያ እኩለ ቀን ቢቸና ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል በጠቅላላው 1000 ዋት በካሬ ሜትር ይጠጋል። ዩቪ ኢንዴክስ 15 ግን 0.375 ዋት ብቻ ነው። ማለትም የምንፈልገው ነገር ከጠቅላላው ከ2,600 እጅ አንዱ ነው። ማጣሪያ የተገጠመለት የሲሊኮን ዳሳሽ ከሚታየው ብርሃንና ከኢንፍራሬዱ ከሺሕ አንድ እጅ ብቻ ቢያሾልክ የሾለከው 1 ዋት ይሆናል፤ ከምንፈልገው ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። መሣሪያው ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን የጨረሩ አይደለም። በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙ አንዳንድ ዳሳሾች የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው።

ከዳዮዱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ለምሳሌ ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ዳሳሽ ለእያንዳንዱ ዋት 0.1 አምፔር ቢሰጥ በኢንዴክስ 15 የሚወጣው 19 ናኖአምፔር ያህል ነው። ይህን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ ማጉያ ያስፈልጋል፤ በ10 ሜጋኦም ሬዚስተር ሲጎላ 0.19 ቮልት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቁጥሩን በየደቂቃው መመዝገብ ነው።

ልኬትን የሚያሳስቱ ነገሮች

ዳሳሽ መግዛት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። በመጀመሪያ የክዳኑ ጉዳይ አለ። ተራ የመስኮት መስታወት ዩቪ ቢን ያስቀራል፤ ስለዚህ በእርሱ የተከደነ ዳሳሽ ቆዳን የሚያቃጥለውን ክፍል ሳያይ ይውላል። ክዳኑ ኳርትዝ መሆን አለበት፤ ከሥሩም ጨረሩን ከሁሉም አቅጣጫ በእኩል የሚበትን ነጭ የቴፍሎን ገጽ ያሻል። አጭር ሞገድ በአየር ሞለኪውሎች በብርቱ ስለሚበተን በጥርት ሰማይ እንኳ ከዩቪ ቢው ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከፀሐይዋ ክበብ ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ ነው። ጃንጥላ ቀጥታውን ጨረር ቢከላከልም ከጎን የሚመጣውን ሁሉ አይከላከልም የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጎን የሚመጣውን በትክክል የማይመዝን ዳሳሽ የጠዋቱንና የማታውን ጨረር አሳንሶ ያነባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሣሪያውን ከታወቀ መሥፈርት ጋር ማስተያየት፣ ማለትም ካሊብሬሽን ነው። ለአልትራቫዮሌት የዓለም የካሊብሬሽን ማዕከል የሚገኘው በስዊዘርላንድ ዳቮስ ነው። የዚህ ሥራ አስፈላጊነት በታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ስኮቶና ባልደረቦቹ በስምንት የአሜሪካ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን የሮበርትሰንና የበርገር ሜትር መረጃ ተንትነው ከ1974 እስከ 1985 ዩቪ ቢ ቀንሷል የሚል ውጤት ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ዓለም የኦዞንን መሳሳት በሚነጋገርበት ሰዓት ይህ ግራ አጋባ። የከተሞች የአየር ብክለት ነው ያሉ ነበሩ፤ የመሣሪያዎቹ ስሜት በጊዜ ብዛት ተለውጦ ይሆን? ብለው የጠየቁም ነበሩ። ክርክሩ ያስተማረው ነገር ቢኖር ለዓመታት የሚቆይ ልኬት ለዓመታት የሚቆይ ክትትል እንደሚፈልግ ነው።

ቢቸናና ሞጣን ለዚህ ሥራ ተስማሚ የሚያደርጋቸው አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን 54 ሜትር ብቻ ነው። ይህ በአልትራቫዮሌት ሲተመን ግማሽ በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሰማይ በሁለቱም ላይ ጥርት ባለበት ቀን ሁለት ትክክለኛ ዳሳሾች በእኩለ ቀን የሚሰጡት ቁጥር ሊመሳሰል ይገባዋል። ልዩነቱ አምስት ወይም ዐሥር በመቶ ከሆነ ተጠርጣሪው ሰማዩ ሳይሆን መሣሪያው ነው። አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። ደመና ባለበት ቀን የሚታየው ልዩነት ደግሞ የደመናን ድርሻ ያስተምራል። ሦስተኛ ዳሳሽ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ቢቆም የከፍታን ድርሻ ከስሌት ወደ ልኬት ማሸጋገር ይቻላል።

ሳተላይት ይህን አይተካም ወይ? የሚል አንባቢ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በተመጠቀችው ኦራ ሳተላይት ላይ የነበረው ኦሚ የተባለው መሣሪያ በአንድ ነጥብ የሚያየው ቢያንስ 13 በ24 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ነበር። በዓባይ ሸለቆ አካባቢ በዚህ ስፋት ውስጥ ደጋውም ቆላውም አንድ ላይ ይገባሉ። ሳተላይት አገርን ያሳያል፤ የትምህርት ቤት ግቢን ግን የሚያሳየው በግቢው ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ነው።

ልኬቱ ለማን ነው?

በቆዳችን ውስጥ ያለው ሜላኒን የተፈጥሮ ጥላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የታወቀ ጥናት በጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ አልፎ የሚገባው ዩቪ ቢ 7 በመቶ ያህል ሲሆን በነጭ ሰው 24 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው የጎጃም ገበሬ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ውሎ ያለ ከባድ ቃጠሎ ይገባል፤ ዓይኑ ግን ይህ ጥላ የለውም፤ የዓይን ሞራ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱም ይኸው ጨረር ነው።

አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ የተፈጥሮ ጥላ በቆዳቸውም የለም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ነው። አልቢኒዝም እርግማን ሳይሆን ከእናትና ከአባት በእኩል የሚወረስ፣ ሜላኒን የመሥራት ሂደትን የሚያውክ የዘር ባሕርይ ነው። እነዚህ ወገኖች በአፍሪካ በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይጠቃሉ። ይህም በአብዛኛው ቀድሞ ቢደረስበት የሚድን ነው። ቆዳቸው ለመቅላት 200 ጁል በካሬ ሜትር ያህል ይበቃዋል ብንል ኢንዴክሱ 15 በሆነበት ሰዓት ይህ የሚሞላው በ9 ደቂቃ ነው። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ወደ ቤቱ የሚመለሰው፣ የከሰዓቱ ደግሞ የሚመጣው በዚሁ በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚጓዝ ልጅ ባልተሸፈነ አናቱና ትከሻው ላይ የሚያርፈው 675 ጁል ይሆናል፤ ከሚያቃጥለው መጠን ሦስት እጥፍ በላይ። በዚያ ላይ አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ልጁ «አልሞቀኝም» ብሎ ባርኔጣውን ሊያወልቅ ይችላል።

በዚህ ስሌት ውስጥ መፍትሔውም አለ። ይኸው ልጅ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢጓዝ ኢንዴክሱ 2 ስለሆነ በግማሽ ሰዓት የሚያርፍበት 90 ጁል ብቻ ነው። የፈረቃ ለውጥ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ዩኒፎርም፣ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ የጠዋት ሰዓት፤ እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ውሳኔዎች ናቸው። ርእሰ መምህሩ ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው የዘመድ ምክር ሳይሆን በግቢው የተለካ የሰዓት ሰንጠረዥ ነው።

ልኬቱ የሚጠቅመው ለማስፈራት ብቻ አይደለም። ያው ዩቪ ቢ በቆዳችን ውስጥ ቫይታሚን ዲን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የአዲስ አበባ ሕፃናት ጥናት በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ ከሳንባ ምች ጋር ያለውን ጥብቅ ትስስር አሳይቷል። የ13 ወር ፀሐይ ባላት አገር ሕፃናት ከፀሐይ ተደብቀው በማደጋቸው አጥንታቸው መለስለሱ የሚያሳዝን ነው። ስለዚህ እናትን «ልጅሽን ፀሐይ አሙቂ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው መታወቅ አለበት። እጅግ ማልዶ ከሆነ ሙቀት እንጂ ዩቪ ቢ የለም ማለት ይቻላል፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይበዛል። ለአንዱ ልጅ መድኃኒት የሆነው መጠን ለሌላው መርዝ ሊሆን ስለሚችል መሥፈሪያ ያስፈልጋል።

መሣሪያው እስኪደርስ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው ጫማ እየለኩ ሰዓት ሲወስኑ ኖረዋል። ይኸው ጥበብ ለአልትራቫዮሌትም ያገለግላል። ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ45 ዲግሪ አልፋለች፤ ጨረሩም በርትቷል። በቢቸና ይህ ሁኔታ በሚያዝያ ከ3 ሰዓት ከ25 ገደማ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ስድስት ሰዓት ይቆያል። በታኅሣሥ ግን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ «ጥላዬ ካጠረ ጥላ ሥር ልግባ» የሚለውን ሊማር ይችላል።

የጥላው ደንብ ግን ደመናን፣ አቧራን፣ ኦዞንን አያውቅም፤ እነዚህን የሚያውቀው ዳሳሹ ነው። ሁለት ዳሳሾች፣ ሁለት መዝጋቢዎች፣ በየጠዋቱ ክዳኑን በለስላሳ ጨርቅ የሚያጸዱ ሁለት ትጉሃን ሰዎች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ካሊብሬሽን፤ ይህ ከአንድ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል አቅም በላይ አይደለም። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎቻችንም ከዚህ የተሻለ ምድብ ሥራ አይገኝም። ውጤቱ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ግን በየወሩ የተጠናቀረው ሰንጠረዥ ለቢቸናና ለሞጣ ሆስፒታሎች፣ ለትምህርት ቤቶቹም የማስታወቂያ ሰሌዳ ሊደርስ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት ልኬት ከየካቲት በፊት ቢጀመር የሚያዝያው ጥርት ሰማይ አያመልጠንም።